ጠቡ ባንዲራው መሀል ላይ ነው

የሰንደቅ ዓላማ ቀን በየዓመቱ በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ሰኞ ይከበራል። በ2018 ዓ.ም. ለ18ኛ ጊዜ ተከብሯል። ቀኑ ሲደርስ ሰልፉ፣ መዝሙሩ፣ ንግግሩ አይቀርም። አዳዲስ ባንዲራዎችም ከመጋዘን ይወጣሉ። ጥቂት ወራት አለፍ ሲል ግን ቀና ብላችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የተሰቀለውን እዩ። ቀዩ ፀሐይ በልቶት ሮዝ ሆኗል። ቢጫው ነጭ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጫፉ ተተልትሎ ክሩ ተንጠልጥሏል። አንዳንዱማ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ባንዲራ ይሁን የተረሳ መሀረብ አይለይም።

ለዚህ ባንዲራ ማንም ሲጠየቅ አላየንም። ጥምቀት ወይም የዓድዋ በዓል ሲደርስ ግን ንጹሕ፣ ገና ከሱቅ የወጣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያነገተ ወጣት መንገድ ላይ ሊቆም፣ ባንዲራውንም ሊቀማ ይችላል። ጥፋቱ መሀሉ ላይ ኮከቡ አለመኖሩ ነው። ሕዝቡ «ልሙጥ» የሚለው ባንዲራ ነው።

የሚገርመው የመሥሪያ ቤቱም የወጣቱም ጉዳይ የሚዳኘው በአንድ ሕግ ነው። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማን ያለ አርማ መጠቀም ይከለክላል። የደበዘዘና የተቀደደ መስቀልንም ይከለክላል። ባንዲራው ላይ መጻፍ፣ ሥዕል መለጠፍ፣ የንግድ ምልክት ማድረግም ክልክል ነው። አዋጁ በ2006 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል። በተግባር ጉልበት ያገኘው ግን ስለ አርማው የሚናገረው ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

አርማው ላይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ምን አለ? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ታሪኩ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ጠማማ ነው።

ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የተሰበሰቡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ ለየብቻቸው፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው በተቆረጡ ጨርቆች ነበር የሚውለበለቡት። የ1890ውን ባንዲራ ዛሬ አንድ ሰው አደባባይ ይዞት ቢወጣ «ገለበጥከው እኮ!» መባሉ አይቀርም። ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር። አሁን የምናውቀው ቅደም ተከተል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሀሉስ? መሀሉ ላይ «ም» የምትል ፊደል ነበረች። የንጉሡ ስም መነሻ ናት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የባንዲራው መሀል የገዢው ቦታ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የደፋው፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘው የይሁዳ አንበሳ ገባ። ሥርወ መንግሥቱ ከንጉሥ ሰሎሞን ዘር መምጣቱን የሚናገር ምልክት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። ሚያዝያ 27 ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ከአምስት ዓመት የጣሊያን ወረራ በኋላ ያ ባንዲራ ዳግም ሲወጣ ያየ ትውልድ፣ ልጆቹን ባንዲራ ፊት ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ቢያስተምር አይገርምም። ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ደርቆ ይቆም እንደነበር ትልልቆቻችን ዛሬም ያወራሉ።

ደርግ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው አንበሳውን መግደል ሳይሆን ዘውዱን ማውለቅ ነበር። በትሩ ላይ የነበረው መስቀልም በጦር ጫፍ ተተካ። በኔ ግምት ከዚህ ይበልጥ ያን ጊዜ የሚገልጽ ሥዕል የለም። አንበሳው አለ፣ ንጉሡ የሉም። ከዚያ አንበሳውም ሄደ። በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ቀይ ኮከብና የአክሱም ሐውልት ያለበት አርማ መጣ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እሱም ተነሣ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ያለው ሰማያዊ ክብ ከነኮከቡ ገባ።

ቁጠሩት። ፊደል፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ዘውድ የሌለው አንበሳ፣ የኢሕዲሪ አርማ፣ ሰማያዊው ክብ። ወደ 130 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ መሀሉ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተለዋውጧል። ዳርና ዳሩ ያሉት ቀለማት ግን አሉ። ቅደም ተከተላቸው ተቀይሯል እንጂ ከባንዲራው የወጡበት ጊዜ የለም። ዘውዱን የጣለው ደርግ አልነካቸውም። ደርግን የጣለው ኢሕአዴግም አልነካቸውም።

ሕዝቡ ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ነው። ቀለማቱ የአገር ናቸው፣ መሀሉ የመንግሥት ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም፣ ራሳቸው መንግሥታቱ በተግባር አሳዩት እንጂ። ስለዚህ አንድ ሰው ልሙጡን ሲይዝ ብዙ ጊዜ «አገሬን እወዳለሁ፣ ይህ መንግሥት ግን አይወክለኝም» ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ምንም ማለቱ አይደለም። ከአያቱ የወረሰው፣ ወይም ሱቅ ያገኘው እሱን ስለሆነ ነው። የሚያስቆመው ፖሊስ ሁለቱን በምን ይለያቸው? አይለያቸውም።

ሰማያዊው ክብ የራሱ ትርጉም አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ አርማው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንደሚያንጸባርቅ ይናገራል። አዋጁ ደግሞ ዘርዘር ያደርገዋል። ሰማያዊው ሰላም ነው። ቀጥ ያሉት እኩል መስመሮች እኩልነት ናቸው። መስመሮቹ ተጋጥመው የሚሠሩት ኮከብ በመፈቃቀድ የተመሠረተ አንድነት ነው። ጨረሮቹ የወደፊት ብሩህ ተስፋ ናቸው። ሐሳቡን ብቻ ብንወስድ የሚጠላ ነገር የለውም። ችግሩ የገባበት መንገድ ነው። አንድ ፖለቲካዊ ድርጅት አሸንፎ በገባ ማግሥት የመጣ ምልክት የዚያ ድርጅት ማኅተም ተደርጎ ይታያል። «ባንዲራ ጨርቅ ነው» የሚለው አነጋገር በዚያው ዘመን መናፈሱም ነገሩን አላረገበውም። ይባስ ብሎ ቁስል ሆነ።

የቀለማቱ ትርጉም ራሱ እንደ ዘመኑ መለዋወጡን ልብ ይሏል። በዛሬው አዋጅ አረንጓዴ ሥራ፣ ልምላሜና ዕድገት ነው። ቢጫ ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት ነው። ቀይ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነትና ጀግንነት ነው። የድሮ ሰው ቢጠየቅ ቢጫውን ከሃይማኖት ጋር ያያይዘዋል። ሦስትነቱን ከሥላሴ፣ ቀለማቱን ኖኅ ካየው ቀስተ ደመና የሚቀዳም አለ። ማንም ማንንም አያሸንፍም። ትርጉም እንደዚህ ነው፣ ከላይ በአዋጅ ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ ሰው በገዛ ልቡ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ግን ልሙጡን የምንወድ ሰዎች ቶሎ የምናልፈው ነገር አለ። ልሙጡ ለሁሉም ሰው ገለልተኛ አይደለም። ቀለማቱን ከዓድዋ ጋር ብቻ የሚያስታውስ አለ። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ከዘመተው ጦር ጋር የሚያስታውስም አለ። ባለ አንበሳው ደግሞ የባሰ ነው። የአንድ ሥርወ መንግሥትና የአንድ ሃይማኖት ምልክት ስለሆነ ሙስሊሙ፣ ወይም በዚያ ሥርዓት ጭሰኛ የነበረ ሰው ልጅ፣ እሱ ሥር ቁም ቢባል ቢከፋው ምን ይፈረዳል? ልሙጡ ቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ በብዛት መታየቱም ለአንዳንዱ «የነሱ ነው» የሚል ስሜት ይሰጠዋል። መስከረም 2011 ላይ የኦነግ አመራሮች አዲስ አበባ ሊገቡ ሲሉ በአስፋልት ጠርዝና በምሰሶ ቀለም የተነሣውን ግርግር የሚረሳ የለም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ጉዳይ ተማሪዎችን አጋጨ። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና አርማ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። የትኛው የት፣ ከየትኛው አጠገብ ይሰቀል የሚለው ግን ገና ደም የሚያሞቅ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ «አርማውን ብናነሣው ሁሉም ይስማማል» የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። «ኮከቡ የሌለበትን ብንቀማ አንድነት ይመጣል» የሚለው ደግሞ ጭራሽ አይዋጥልኝም። ሁለተኛውን ለዓመታት ሞክረነዋል። ያተረፍነው ልሙጡ የተቃውሞ ባንዲራ መሆኑን ብቻ ነው። ባይከለከል ኖሮ ግማሹ ሰው ልዩነቱን ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር።

ሌላ አገር ይህን እንዴት ይዞታል? ጀርመንን እንይ። ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማው ባንዲራ የሁሉም ዜጋ ነው። ንስር ያለበት ሌላ ባንዲራም አለ። እሱ የፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ነው፣ ግለሰብ እንዳሻው አይሰቅለውም። ኦስትሪያም እንደዚሁ ነው። ፔሩ ውስጥ ሕዝቡ አርማ የሌለውን ይይዛል፣ መንግሥት አርማ ያለበትን ይሰቅላል። ስፔን ውስጥም ዜጋው ያለ አርማ መያዝ ይችላል። የኛ ሕግ የዚህ ግልባጭ ነው። እነሱ ዘንድ ዜጋው እንዳሻው የማይጠቀምበት አርማ፣ እኛ ዘንድ ዜጋው ካልያዘው የሚቀጣበት ነው።

ይህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ባለ አንበሳውና ልሙጡ ጎን ለጎን ነበሩ። አንበሳው ቤተ መንግሥቱንና መንግሥትን፣ ልሙጡ ሕዝቡን ይዞ ይሄድ ነበር። ሁለቱን በመያዝ የተጣላ ሰው አልነበረም። አሁንም ቢሆን ውጭ አገር በሚካሄድ ማራቶን የኢትዮጵያውያንን ደጋፊ ተመልከቱ። አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ባለ አንበሳ፣ አንዱ ባለ ኮከብ ይዞ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጮኻል። ሯጯ ስታልፍ ሦስቱም ለአንድ ሰው ነው የሚውለበለቡት።

ከዚህ ጠብ ወጣ ስንል የአያያዙ ነገር አለ። በኔ አመለካከት ክብር የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ጠዋት ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። ሲወርድ መሬት አይነካም። ጥሩ የጥበቃ ሠራተኛ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ብታዩ፣ ሰውየው በአንድ እጁ ገመዱን እየለቀቀ በሌላው ጨርቁን ትከሻው ላይ ይሰበስበዋል። ማንም አያየውም፣ ማንም አያጨበጭብለትም። ሌላ ቦታ ደግሞ ባንዲራው ከተሰቀለ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። ገመዱ የሚሽከረከርበት መዘውር ስለተበላሸ ገመዱ አይንቀሳቀስም፣ ባንዲራው እዚያው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል።

በሐዘን ጊዜ ዝቅ ብሎ መውለብለቡም ሥርዓት አለው። በቀጥታ መሀል ላይ አይታሠርም። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሲወርድም መጀመሪያ ወደ ጫፍ ወጥቶ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ በጎፋ ዞን የመሬት ናዳ ብዙ ሰው ሲያልቅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በአገር ውስጥም በኤምባሲዎችም ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ተወሰነ። በነዚያ ቀናት እስከ ጫፍ ተሰቅሎ የዋለ ባንዲራ ካየን፣ ያ መሥሪያ ቤት የናቀ ላይሆን ይችላል። ገመዱ የተበላሸበት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ብዙ የሚሳሳቱበት ባንዲራን ቁልቁል ማንጠልጠል ነው። ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ መንገድ ዳር የመብራት ምሰሶ ላይ እንዲህ ይደረጋል። በተለመደው ሥርዓት ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው አረንጓዴው በግራ በኩል መሆን አለበት። አንዳንዱ ቀዩን ወደ ግራ አድርጎ ይሰቅለዋል። ያኔ የተሰቀለው የጊኒ ባንዲራ ነው። በትክክል ብትሰቅለውም ልሙጡ ቁልቁል ሲሆን ከማሊ ባንዲራ አይለይም። አግድም ገልብጠህ ቀዩን ወደ ላይ ካደረግኸው ደግሞ ቦሊቪያ ነህ። እዚህ ላይ ለአርማው አንድ ነጥብ ልስጠው፣ ኮከቡ ቢያንስ የማን ባንዲራ እንደሆነ ይናገራል። ቁልቁል ሲንጠለጠል ግን ኮከቡም በጎኑ ይተኛል። ቀና ተደርጎ የታተመ ማየት ብርቅ ነው።

መመሳሰሉ እንዲያው የመጣ አይደለም። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ መርጣ መሀሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አደረገች። ጊኒ በ1958 ተከተለች። ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩን፣ ቤኒን፣ ቶጎ፣ ቡርኪና ፋሶ እነዚህን ቀለማት በተለያየ መልክ ይዘዋል። ቅኝ ግዛትን በጦር ሜዳ ያሸነፈች አገር ቀለም ስለሆነ ነው። የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮችም ዓለምን አዳርሰውታል። እነሱ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ባለ አንበሳውን ነው። እነዚህ ሁሉ ቀለማቱን ሲወስዱ የኛን መሀል አልወሰዱም። የየራሳቸውን ምልክት አስገቡ፣ ወይም ባዶውን ተዉት።

ወደ ሕጉ እንመለስ። የሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ ለሀገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። ጥሩ ነው። ግን ክርክሩ «ይነሣ» እና «አይነሣም» ላይ ብቻ ከቆመ የትም አይደርስም። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተጨፍልቀዋልና።

የመጀመሪያው አርማ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ነው። ይህ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስላለ ለመለወጥ አንቀጽ 105 የሚጠይቀውን ማለፍ አለበት። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው። ሩቅ መንገድ ነው። ሁለተኛው የአርማው መልክ ነው። አንቀጽ 3 አርማው ምን እንደሚያንጸባርቅ ይናገራል እንጂ ኮከብ ይሁን ወይም ሰማያዊ ክብ ይሁን አይልም። መልኩን የወሰነው አዋጅ ነው፣ አዋጅ ደግሞ በአዋጅ ይቀየራል። በዚህኛው ላይ ግን ችኮላ አያስፈልግም፣ ስድስተኛ ምልክት የሚያስመርጠን ሌላ አሸናፊ ከሆነ ተመልሰን እዚያው ነን።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላሉ ነው፣ ለዚያም ነው የማንወያይበት። መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ ባለ አርማውን ይስቀል። ንጹሕ አድርጎ፣ ሲያረጅ ቀይሮ። ዜጋው በበዓሉ፣ በስታዲየሙ፣ በሰርጉ የያዘው ባንዲራ ልሙጥ ቢሆን ግን ለምን ወንጀል ይሆናል? ይህን ለማስተካከል ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። አዋጁ ውስጥ ካሉት ክልከላዎች አንዷን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ እንድትሠራ አድርጎ ማጥበብ ይበቃል።